አንቲሞኒ፦ ከኩል ብልቃጥ እስከ ሆስፒታል መርፌ



ለዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ምላሻቸውን ከጠረጴዛችን ሳንነሳ የምናዘጋጅላቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ግን መንገድ ያስጀምሩናል። በቅርቡ ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የደረሰን ደብዳቤ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃቸው ክረምቱን ስልጤ ከሚኖሩት አያቷ ዘንድ አሳልፋ ከተመለሰች ከወራት በኋላ፣ ትንኝ የነከሳት የሚመስል እብጠት በጉንጯ ላይ ብቅ አለ። እብጠቱ አልጠፋም፤ ሰፋ፣ ቀላ፣ ቆሰለ፣ ቅርፊትም አወጣ። አያቷ ለዒድ መጥተው ሲያዩዋት «ይህስ ዐይን ነው» አሉና ከብልቃጣቸው ኩል አውጥተው የቁስሉን ዙሪያ ቀቡት። ቁስሉ ግን ባሰበት። ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ተመረመረና በሽታው ቁንጭር መሆኑ ተነገራቸው። በየቀኑ የሚወጋ የ28 ቀን መርፌም ታዘዘላት።

መርፌው በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን፣ 11ኛ ክፍል የሚማረው ወንድሟ በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። «አንቲሞኒ» ይላል። የኬሚስትሪ መጽሐፉን ቢገልጥ አንቲሞኒ ከአርሴኒክ ሥር፣ በዚያው ዓምድ ተቀምጦ አገኘው። መርዛማ ነው ተብሎም ተጽፏል። እዚያው ላይ የጥንት ሰዎች ኩል የሚሠሩት ከአንቲሞኒ ድንጋይ እንደነበረ አነበበ። ቤቱ ተረበሸ። አባት «ልጄን መርዝ አላስወጋም» አሉ። አያት ደግሞ «እኔ ኩል ስቀባት ተቆጣችሁኝ፤ ሐኪሞቹ የሚወጓት ያንኑ አይደል እንዴ?» አሉ። መርፌው ተቋረጠ።

እናትየው እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ኩሉና መርፌው አንድ ከሆኑ ለምን ሆስፒታል እንመላለሳለን? መርዝ ከሆነስ ሐኪም እንዴት ያዝዘዋል?»

በደብዳቤው ግርጌ የስልክ ቁጥር ነበር። ከሁሉ አስቀድመን ደውለን አንድ ነገር ብቻ ነገርናቸው፦ መርፌው ይቀጥል ወይም ይቁም ብሎ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነውና በነጋታው ልጅቱን ይዘው ወደ እርሱ እንዲመለሱ። ለጥያቄያቸው የሚገባውን መልስ ግን በስልክ ልንጨርሰው አልቻልንም። ስለዚህ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከመርካቶ ተነስተን፣ በአጠና ተራ በኩል አድርገን ቤታቸው ሄድን። ቡናው እየተቆላ፣ በትሪ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ነገር ተቀምጦ ጠበቀን፦ የአያት የኩል ብልቃጥና ባዶ የመርፌ ጠርሙስ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ትሪ ዙሪያ የተወያየነው ነው። የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

ቁንጭር ምንድን ነው?

ቁንጭር ሌይሽማኒያ በምትባል፣ በዓይን በማትታይ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። ተውሳኳን ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ ያነሰች በራሪ ነች። በሽታው በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው፤ «የሀለብ ቁስል»፣ «የባግዳድ ቁስል» የሚሉት ስሞች የእርሱ ናቸው። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚገኘው ዓይነት ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ ይባላል። ይህ ስም የተሰጠው በ1973 ነው። ተውሳኳ በዱር የምትኖረው በሽኮኮ ውስጥ ነው። ሽኮኮ በሚበዛበት ገደልና ዋሻ አጠገብ ያሉ መንደሮች ስለዚህ ይበልጥ ይጠቃሉ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ቁንጭር በመጨባበጥ፣ በአንድ ገበታ በመብላት ወይም በአንድ ምንጣፍ ላይ በመስገድ አይተላለፍም። ቁስል ያለበትን ልጅ ከጓደኞቹ መለየት ግፍ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቁንጭር በአንዳንድ ሰዎች ላይ በሰውነት ሁሉ ተሠራጭቶ የሥጋ ደዌን እስኪመስል ድረስ ያሳስታል። ባልዘር፣ ደስቶምብ፣ ሻለርና ሴሪ የተባሉ አራት ተመራማሪዎች የሥጋ ደዌ መሳይ ቁንጭር በኢትዮጵያ መኖሩን በ1960 ጽፈው አሳትመዋል።

የደብዳቤው ነገር በኮልፌ ቀራንዮ መነሳቱም እንዲያው አይደለም። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ቦታ ላይ በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ይገኛል። ዛሬም ለቆዳ በሽታ ከየክፍለ ሀገሩ ሰው ይመጣበታል። በቅጥሩ ውስጥ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌጃዊ ሐኪም ነው። በስልጢ ወረዳ ቁንጭር በተነሳ ጊዜ የዚህ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሄደው ያጠኑትን በ2008 አሳተሙ። በ2012 ደግሞ የስልጢ ሕሙማን በሁለት መንገድ፣ ማለትም ቁስሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን በማቀዝቀዝና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በሚባለው መርፌ፣ ታክመው ያሳዩትን ለውጥ አሳተሙ። በትሪው ላይ ያየነው ባዶ ጠርሙስ ይኸው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር።

ፍምና ገል

ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንቲሞኒ መርዝ ነው ወይስ መድኃኒት?

ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫር ነበር። ፍምን በባዶ እጁ የሚይዝ የለም፤ በገል ላይ አድርጎ ይወስደዋል። ፍሙ ያው ፍም ነው። በእጅ ቢይዙት ያቃጥላል፤ ሣር ቤት ላይ ቢወድቅ መንደር ያነድዳል፤ በገል ተይዞ ምድጃ ከደረሰ ግን ራት ያበስላል።

ብረታ ብረትም በአካላችን ውስጥ እንዲሁ ነው። በደማችን ውስጥ ብረት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ይሁንና ያ ብረት እንደ ምስማር ብናኝ ተበትኖ አይዞርም። ሂም የሚባል ጠፍጣፋ ኦርጋኒክ ሞለኪውል በአራት የናይትሮጅን አቶሞች ከአራት ወገን ጨብጦ ይዞታል። እንዲያ ሆኖ ስለተያዘ ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለሕዋሳት ያደርሳል። የቅጠልን አረንጓዴነት የሚሰጠው ክሎሮፊልም ማግኒዥየምን በተመሳሳይ መንገድ ይይዛል። ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ ኮባልትን ይይዛል።

ኬሚስቶች ብረቱን የሚይዘውን ሞለኪውል ሊጋንድ ይሉታል፤ እኛ «ያዥ» ብንለው ያስኬዳል። ብረቱና ያዡ አንድ ላይ ኮምፕሌክስ ይባላሉ። ብረት በመካከል ሆኖ ያዦቹ በዙሪያው በተወሰነ ቁጥርና በተወሰነ አቅጣጫ እንደሚቆሙ በ1893 ያስተማረው ስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ቬርነር ነው። ለዚህም በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

እንግዲህ ስለ አንድ ብረት ስንጠይቅ «ምንድን ነው?» ማለት ብቻ አይበቃንም። «ማን ይዞታል? እንዴትስ አድርጎ ይዞታል?» ብለን መጨመር አለብን።

ወንድምየው እዚህ ላይ አቋርጦን «ይህን ሁሉ ማን አየው? አቶም በማይክሮስኮፕ አይታይ!» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ሶፍ የቆሙ አቶሞች

ከሺህ ዓመት በፊት በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም፣ ነገር የሚታየን ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይናችን ሲገባ መሆኑን በኪታቡል መናዚር አስረድቷል። ሆኖም ለዓይን የሚታየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከአንድ አቶም ስፋት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በወፍራም መዳፍ የመርፌ ቀዳዳ መዳበስ አይቻልም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ለአቶም የሚመጥን ቀጭን ሞገድ ያስፈልጋል። እርሱም ሳንባችንን የምንነሳበት ራጅ ነው። ራጅን ሮንትገን ያገኘው በ1895 ነበር።

ግን አንድ ሞለኪውል ብቻውን በራጅ ቢመታ የሚመልሰው ምልክት ከኢምንት ያነሰ ነው። በመስጊድ አንድ ሰው ብቻውን በሹክሹክታ «አሚን» ቢል ከደጅ አይሰማም። ሺህ ሰው ሶፍ ቆሞ በአንድ ቅጽበት «አሚን» ሲል ግን መንደሩ ያስተጋባል። ክሪስታል ማለት ሞለኪውሎች ቁጥር ስፍር በሌለው ሶፍ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረው የቆሙበት ጠጣር ነገር ነው። አሞሌ ጨው ክሪስታል ነው። ሲረጋ የሚያሸረው የማር ቅንጣትም ክሪስታል ነው። ራጅ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ሶፉ ሁሉ በአንድነት ይመልሳል፤ በፊልም ላይም በሥርዓት የተደረደሩ ነጥቦች ይታያሉ። ይህን በ1912 ያሳዩት ማክስ ፎን ላውና የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ከነጥቦቹ ተነስቶ የአቶሞቹን ቦታ በስሌት ማግኘት እንደሚቻል ወዲያው ያስተማሩት ደግሞ አባትና ልጅ የሆኑት ብራጎች ናቸው። በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ልጁ ላውረንስ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

የቫይታሚን ቢ 12ን አሠራር በዚህ ዘዴ የፈታችው በ1910 በካይሮ የተወለደችው ዶሮቲ ሆጅኪን ነች። ኮባልቱ በማን በማን እንደተያዘ ለማየት ዓመታት ፈጅቶባታል። ውጤቱ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተፈጸመ፤ በ1964 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ታርታር የያዘው አንቲሞኒ

አሁን የአንቲሞኒን ታሪክ በዚህ መነጽር እንየው።

በአውሮፓ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ታርታር ኤሜቲክ የሚባል መድኃኒት ነበር። የሚሠራው አንቲሞኒን ከታርታሪክ አሲድ ጋር በማዋሐድ ነው። ታርታሪክ አሲድ በወይን ፍሬ ውስጥ ይገኛል፤ እናቶቻችን ጭማቂውን በሚያዘጋጁት በተምረ ሂንዲ፣ በአማርኛው ሁመር፣ ውስጥም ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው እርሱ ነው። ኤሜቲክ ማለት የሚያስመልስ ማለት ነው። የጊዜው ሐኪሞች ለትኩሳቱም ለሳሉም ይሰጡት ነበር። ብዙ ሰውም በእርሱ ሞቷል።

በ1912 ብራዚላዊው ጋስፓር ቪያና ይህን ውሁድ ለቆዳ ሌይሽማኒያ ሞከረና ቁስሉ ሲድን አየ። በ1915 በሲሲሊ የካላ አዛር ሕፃናት በእርሱ ታከሙ። ካላ አዛር ሌይሽማኒያ ቆዳን አልፋ ጉበትና ጣፊያን ስትይዝ የሚመጣ ገዳይ በሽታ ነው፤ በአገራችን በመተማና በሑመራ ቆላ ይታወቃል። ታርታር ኤሜቲክ ያድናል፤ ነገር ግን ልብን ይጎዳል፣ ያስመልሳል፣ አንዳንዱንም ይገድላል።

ይህ ውሁድ በሚገባ ክሪስታል ይሠራል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በራጅ ሲመረመር ሊቃውንቱ ለዘመናት ከገመቱት የተለየ ሆኖ ተገኘ። የድሮው ግምት አንድ አንቲሞኒ ከአንድ ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ በአንድ ታርትሬት ጎን ተንጠልጥሏል የሚል ነበር። ክሪስታሉ ያሳየው ግን ሁለት ታርትሬቶች ፊት ለፊት ቆመው በመካከላቸው ሁለት አንቲሞኒ እንደያዙ ነው። የእያንዳንዱ ታርትሬት አንድ ጫፍ አንደኛውን አንቲሞኒ፣ ሌላው ጫፍ ሁለተኛውን ይጨብጣል። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ሲያነሱ እያንዳንዳቸው ሁለቱን መሎጊያ በሁለት እጃቸው እንደሚይዙት ማለት ነው። እያንዳንዱ አንቲሞኒ በአራት ኦክስጅኖች ተይዟል። ይሁን እንጂ ኦክስጅኖቹ ያሉት በአንድ ወገን ነው፤ ሌላው ወገኑ ክፍት ነው። ፍሙ በገል ላይ አለ፤ ግን ገሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ፍሙም ይወድቃል። በዚያ ላይ በዚህ ውሁድ ያለው አንቲሞኒ ሦስት ኤሌክትሮን የሰጠው ዓይነት ሲሆን፣ በአካላችን ፕሮቲኖች ላይ ያለውን ሰልፈር ሲያገኝ አይለቅም። መርዝነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሶፍ አልገባ ያለው መድኃኒት

ኬሚስቶች የተሻለ ገል ፍለጋ ወጡ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በካልካታ ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ ዩሪያ ስቲባሚን የተባለውን ሠራ፤ በሕንድ ብዙ የካላ አዛር ሕሙማን ዳኑበት። በ1940ዎቹ ደግሞ ዛሬ የምንጠቀምበት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ወጣ። ያዡ ግሉኮኒክ አሲድ ነው፤ የሚገኘውም ግሉኮስ ከሚባለው ስኳር ነው። አንቲሞኒውም አምስት ኤሌክትሮን የሰጠው ዓይነት ነው፤ ይህኛው ሰልፈርን ለመያዝ አይቸኩልም።

ልዩነቱን በቁጥር እናስረዳ። የታወቀው መጠን በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 20 ሚሊ ግራም አንቲሞኒ ነው። ልጅቷ 25 ኪሎ ብትመዝን በቀን 500 ሚሊ ግራም፣ በ28 ቀን 14 ግራም አንቲሞኒ ይገባታል ማለት ነው። በታርታር ኤሜቲክ መልክ ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ሰው ሞቷል። በዚህ መልክ ግን አብዛኛው በዚያው ቀን በሽንት ይወጣል። መርፌው በየቀኑ መደገሙ ለዚህ ነው። ብረቱ አንድ ነው፤ ያለበት ሁኔታና ያዡ ግን ተለይቷል።

ወንድምየው «ታዲያ የዚህኛው ክሪስታል ምን ይመስላል?» አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስደንቀው። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ክሪስታል አይሠራም! በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ሞለኪውል ሳይሆን አንዳንዱ አንድ፣ አንዳንዱ ብዙ አንቲሞኒ የያዘ፣ የተለያየ መጠን ያለው ቅልቅል ነው። የመርካቶን ግርግር ሶፍ አስገብቶ «አሚን» ማሰኘት እንደማይቻል ሁሉ፣ ይህንንም ማሰለፍ አልተቻለም። ሲደርቅ ቅርጽ የለሽ ዱቄት ይሆናል። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት የአቶሞቹ አቀማመጥ በትክክል ሳይታወቅ በሆስፒታሎቻችን ይሰጣል።

ይህ ሊያስፈራን አይገባም፤ ነገር ግን ስለ ጥንቃቄው ብዙ ይነግረናል። የመድኃኒቱ ደኅንነት የተመሠረተው በሥዕል ላይ ሳይሆን በሚዛንና በክትትል ላይ ነው። ሐኪሙ ልጅቱን የሚመዝነው፣ የልብ ምርመራ የሚያዘው፣ የጉበት፣ የኩላሊትና የቆሽት ደም ምርመራ የሚያስደግመው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ባይሰለፍም የሚያርፍበት ቦታ ግን ተሰልፎ ታይቷል። መርፌው ከተወጋ በኋላ ከአንቲሞኒው ከፊሉ በሰውነትና በተውሳኳ ውስጥ ወደ ሦስተኛው፣ ማለትም ወደ ተናዳፊው ዓይነት ይለወጣል። ሌይሽማኒያ ራሷን ከጉዳት የምትከላከልበት ትሪፓኖታይን ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አላት፤ የሰው ልጅ ይህ ኢንዛይም የለውም። በ2009 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ከአንቲሞኒ ጋር አድርገው ክሪስታል አሠሩትና በራጅ አዩት። አንቲሞኒው በኢንዛይሙ ልብ ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት ሲስቲን፣ በአንድ ትሪዮኒንና በአንድ ሂስቲዲን ተጨብጦ ተገኘ። ኢንዛይሙ የሚሠራባቸው ሁለቱ ሰልፈሮች ተይዘዋል፤ ስለዚህም ሥራው ይቆማል። ፍሙ በገል ተጉዞ የወደቀው ጠላት ቤት ላይ ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ፍጹም ነው አንልም። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንቶኒ ብራይሰን በአገራችን ሲመረምር፣ በሰውነት ሁሉ የሚሠራጨው ቁንጭር ለአንቲሞኒ እምብዛም እንደማይበገር ተገንዝቧል። ስለዚህ ለአንዱ ማቀዝቀዝ፣ ለአንዱ ቁስሉ ላይ የሚወጋ መርፌ፣ ለሌላው ሌላ መድኃኒት ይመረጣል። ምርጫው የሐኪም ነው።

ኩሉስ?

አያት እስከዚህ ድረስ በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆይተው ብልቃጣቸውን አነሱና «የእኔውስ?» አሉ።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ኢስሚድ የሚባል ኩል ተጠቅሷል። ብዙ ሊቃውንት የአንቲሞኒ ድንጋይ ነው ሲሉ ተርጉመውታል። እንዲያውም አንቲሞኒ የሚለው የላቲን ስም ከዚሁ የዐረብኛ ቃል ሳይመጣ አልቀረም የሚሉ አሉ። በዚያ ድንጋይ ውስጥ አንቲሞኒን የያዘው ሰልፈር ነው። ውሃ አያሟሟውም። ሌይሽማኒያ ወደ ተደበቀችበት ሕዋስ ሊገባም አይችልም። ስለዚህ ኩል የቁንጭር መድኃኒት አይደለም፤ መርፌውም ኩል አይደለም።

ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። ዛሬ በየገበያው «ኩል» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንቲሞኒ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች ሲመረመር አብዛኛው የእርሳስ ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። እርሳስ የተባለው ከባድ ብረትና ሰልፈር ሲዋሐዱም ጥቁርና አብረቅራቂ ስለሚሆኑ በዓይን አይለዩም። ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ሲጠባ ኩሉ ወደ ሆዱ ይገባል። የጨጓራው አሲድ እርሳሱን ከያዡ ያላቅቀዋል። ያዥ ያጣው እርሳስም በደም ዞሮ አንጎልን ይጎዳል። ለሕፃናት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። የሱናው ኢስሚድ ክብሩ እንደተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ኢስሚድ ተብሎ ስለተሸጠ ኢስሚድ አይሆንም። ለሕፃናት ዓይንና ለክፍት ቁስል ከቶ አይደረግ።

ልብ በሉ፤ በእርሳስ የተመረዘን ልጅ ሐኪሞች የሚያክሙት እንደገና በያዥ ነው። እርሳሱን አጥብቆ ጨብጦ በሽንት ይዞት የሚወጣ ሊጋንድ ይሰጡታል። ያዥ ብረትን ወደሚፈለግበት ያደርሳል፤ ከማይፈለግበትም ያወጣል።

ለቤተሰብ የምንመክረው

አንደኛ፣ ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ፣ በተለይ በፊት ላይ የወጣና ሕመም የሌለው ቁስል ካለ ሐኪም ይየው። ቁንጭር ብዙ ጊዜ በራሱ የሚድን ቢሆንም ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ ይኖራል። በአፍንጫና በከንፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ ቁስሉን በእሳት መተኮስ፣ አሲድ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ነገር መቀባት ይቅር።

ሦስተኛ፣ መርፌው ከተጀመረ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥ። የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ሊኖር ይችላል። የልብ ምት ከተዛባ፣ ራስን መሳት ወይም ከባድ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይነገር። እርጉዝ የሆነች እህትም እርግዝናዋን አስቀድማ ትናገር።

አራተኛ፣ ክረምቱን ልጆቻችንን ወደ ገጠር ስንልክ አጎበር አብረን እንላክ። የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነውና ልጆች ከምሽት ጀምሮ ሽኮኮ ባለበት ገደል አካባቢ አይቆዩ።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። በዚያ ቤት ጥያቄውን ያስነሳው የ11ኛ ክፍል ተማሪ አላጠፋም። ካርቶን ማንበቡ፣ መጽሐፍ መግለጡ፣ መጠየቁ ሁሉ መልካም ነው። የጎደለው ሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ማን ይዞታል?» ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚስትሪ ክፍሎች ኮምፕሌክስ እየሠሩ በባክቴሪያና በተውሳክ ላይ የሚሞክሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከ28 ቀን መርፌ የተሻለ ነገር ለአገራችን ሕፃናት ያስፈልጋል፤ ያንን የሚፈልግ ሰውም ያስፈልጋል።

ከዚያ ጉብኝት ሰባት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ከእናትየው ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። ሐኪሙ ልጅቱን መርምሮ መርፌውን እንደገና አስጀምሯት ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ፈጽማለች። ቁስሉ ደርቋል፤ በጉንጯ ላይ የሳንቲም ያህል ጠባሳ ቀርቷል፤ እርሷም ትምህርቷ ላይ ነች። አያት ወደ ስልጤ ከተመለሱ በኋላ አንድ ጎረቤታቸው የሚያሳድጉት ልጅ አፍንጫው ላይ ያንኑ የመሰለ ቁስል አይተውበታል። ኩል አላወጡም። የልጁን እናት አስከትለው ጤና ጣቢያ መሄዳቸውን ራሳቸው በስልክ ነግረዋቸዋል።